ጋሽ ትንታኔና የሸክላ ሠሪው በር

ይህ ታሪክ የሚወስድባችሁን ጊዜ ይክሳል። ሌላው ቢቀር፣ መጽሐፍ ሳያነቡ እንዴት መተንተን እንደሚቻል ትማሩበታላችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በልብስ ሰፊው ሱቅ ካውያው ከሶኬቱ ይነቀላል፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ይጸዳል፣ ዙሪያውን ወንበር ይደረደራል። ከዚያ ጎረቤቱ ጸጉር አስተካካይ፣ ጡረታ የወጣችው ነርስና ባለ መድኃኒት ቤቱ መጥተው ስለ ልብ ወለድ ይከራከራሉ። ሰፊውን «ጋሽ ትንታኔ» ይሉታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም።

«ጭብጥ ማለት፣» ይላል ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ «የኮት ገበር ማለት ነው። ከውጭ አይታይም፤ ኮቱን ኮት የሚያደርገው ግን እሱ ነው። ገጸ ባሕርይ ደግሞ እንደሚለካ ሰው ነው። ሆዱን ስቦ ሲቆም አትመነው፤ እስኪተነፍስ ጠብቀው።»

ማኅበሩ አንድ ሕግ አለው፤ ያወጣውም ራሱ ጋሽ ትንታኔ ነው። ክርክሩ ሲያልቅ ተንታኙ ቆሞ «እኔ ብሆን» ይላል። በገጸ ባሕርይው ቦታ ቢሆን የሚያደርገውን ይናገራል፤ የተናገረውን ደግሞ ቤቱ ገብቶ ያደርጋል። ያለዚያ ትንታኔ ሳይሆን ወሬ ነው። ነርሷ አንድ ቅዳሜ «እኔ ብሆን ያኮረፈችኝን እህቴን ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብላ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እህቷን አስከትላ መጥታለች።

የሰፊው ሴት ልጅ ጥግ ይዛ ቁልፍ ትተክላለች። ከጥፍሯ ሥር ጥቁር ዘይት አይጠፋም፤ አባቷ የስፌት መኪናው ዘይት ነው ይላል። በመንገዱ የጭነት መኪና ሲያልፍ ቀና ትላለች። «ስፌትሽ!» ይላታል። አንዴ ስለ ሌላ ሙያ ልታነሳበት ሞክራ፣ «የሰፊ ልጅ ሰፊ ናት፤ ርዕሱ ተዘግቷል» ብሏታል።

አንድ ቅዳሜ ጸጉር አስተካካዩ በጋዜጣ የተሸፈነ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገ።

«"የሸክላ ሠሪው በር" ይባላል። አንብበኸዋል አይደል?»

ጋሽ ትንታኔ በዕድሜው ተናግሮት የማያውቀው አንድ ቃል «አላነበብኩትም» ነው።

«ማን ያላነበበው አለ!» አለ።

ነርሷና ባለ መድኃኒት ቤቱ ተያዩ።

«እንግዲያው እንወራረድ፣» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «ስንጠይቅህ ከተደናቀፍክ ዓመቱን ሙሉ አፍህን ዘግተህ ታዳምጣለህ።»

ለጋሽ ትንታኔ ከዚህ እጁን ቢቆርጡት ይሻላል። «አንተ ከተረታህስ?»

«ጢምህን እስክትሞት በነጻ እላጭልሃለሁ።»

«ማን ቀድሞ እንደሚሞት በምን አወቅህ? ይሁን!»

«በል እስቲ ስለ በሩ ንገረን።»

በጋሽ ትንታኔ እጅ ያለው ጠመኔ ተሰበረ። «በሩ… በሩማ በር አይደለም። ምልክት ነው! ደራሲ ዝም ብሎ በር አይዘጋም።»

«የምን ምልክት?»

«የፍርሃት። የተቆለፈበት ከውጭ ያለው ሳይሆን ቆላፊው ራሱ ነው።»

ብልሃቱን ልብ በሉ፦ ያላወቀውን ነገር ሁሉ «ምልክት ነው» የሚል ሰው ቶሎ አይወድቅም። ክርክር ሲገጥማችሁ ሞክሩት።

«ይሄ ሰውዬ አንብቦታል እንዴ?» አለች ነርሷ ጋሽ ትንታኔ በሚሰማው ሹክሹክታ።

ጸጉር አስተካካዩ ወንበሩን አስጠጋ። «እሺ፣ የሸክላ ሠሪው ሴት ልጅስ? ጀልባ ልቅዘፍ ብትለው በሩን የዘጋባት ለምንድን ነው? ይወዳታል እኮ።»

ጋሽ ትንታኔ ጀልባ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማው ገና አሁን ነው። ግን እሱ ክንድ ጨርቅ ካገኘ ሱሪ አያቅተውም።

«ይወዳታል? ራሱን ነው እንጂ የሚወደው! ውኃው ይወስድብኛል ይበል እንጂ፣ የፈራው ሸክላውን የሚወርስለት እንዳያጣ ነው። ፍርሃቱን ፍቅር ብሎ ጠራው። እንዲህ ያለውን አባት እኔ ኮሌታውን ይዤ ነው የማራግፈው!»

«ኧረ ቀስ፣» አለች ነርሷ። «ሰውዬው እኮ አባት ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን ውኃ ላይ ስትውል…»

«ሴት ልጅ ምን ሆነች? እጅ የላትም? ዓይን የላትም?» ጠረጴዛውን ሲመታው መርፌዎቹ ዘለሉ። «አንቺም ከሸክላ ሠሪው አትሻይም!»

በመንገዱ ትልቅ የጭነት መኪና እያጓራ አለፈ። የዚያን ቀን የሰፊው ልጅ ቀና አላለችም። ክሩን በጥርሷ በጠስ አደረገችው።

«እንግዲህ ተነስና ጨርሰው፣» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «እኔ ብሆን በል።»

ጋሽ ትንታኔ ቆመ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

«እኔ ያ አባት ብሆን በሩን በገዛ እጄ እከፍታለሁ። ልጄን እመርቃታለሁ። ስንቋን ራሴ ቋጥሬ እስከ ጀልባዋ እሸኛታለሁ። ይህን ያልኩትን ባጥፍ ሰፊ ብላችሁ አትጥሩኝ!»

ሱቁ በጭብጨባ ተናጋ።

«ተረታሁ!» አለ ጸጉር አስተካካዩ። የተረታ ሰው እንዲህ ሲስቅ ግን ታይቶ አይታወቅም።

ጋሽ ትንታኔ ላቡን በቁራጭ ጨርቅ ጠረገ። «በል መጽሐፉን ተውልኝ፤» አለ እየተኩራራ፣ «አንድ ሁለት ቦታ ደግሜ ልየው።»

«ያንተው ነው። የመጽሐፉ ባለቤትም ፈቅዳለች።»

ጋሽ ትንታኔ ጋዜጣውን ገፈፈው። ሽፋኑ ላይ ሸክላም በርም የለም። «የከባድ መኪና አነዳድ መማሪያ» ይላል፤ ጠርዙ ላይ በጥቁር ዘይት የታተመ የጣት አሻራ አለ።

ሴት ልጁ መርፌዋን ሰክታ ከጥጉ ተነሳች።

«አባዬ፣ ስንቁን ዛሬ ማታ ነው ጠዋት የምትቋጥርልኝ?»