ስምንት ሜጋኸርዝ

እናትየዋ ሟች ባሏ የሠራውን የበር ደወል ስትጫነው፣ የእሱ ድምፅ «መጣሁ፣ ማን ልበል?» እያለ እየተጎተተ ወጣ። «ቺፑ አባባን ቀንድ አውጣ አስመሰለው እኮ!» አለች ልጇ፣ ደወሉን ከኮምፒውተሯ ጋር እያገናኘች። «የቺፑን ፍጥነት የሚወስነው ውስጣዊ ሰዓት በግማሽ ፍጥነት ተስተካክሎ ይሆናል። ወደ ትክክለኛው ፍጥነቱ፣ ወደ ስምንት ሜጋኸርዝ ስመልሰው እንደ ድሮው ይናገርልሻል፣ እማዬ።»

እናትየዋ መዳፏን ደወሉ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ልጅቷ ደወሉ ላይ በየሰከንዱ እንዲበራ የተሠራውን ትንሽ መብራት ከእጅ ሰዓቷ ጋር ደጋግማ አመሳከረች። «ትክክል ነው» አለች በመጨረሻ። «ድሮም ስምንት ላይ ነው። ድምፁን የቀዳው መቼ ነበር?»

«ሆስፒታል ሊገባ ሰሞን።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ላፋጥነው?»

«ተይው፣ ደክሞት ነው» አለች እናትየዋ። ደወሉን እንደገና ተጫነችና እስኪጨርስ ታገሠችው።