የጤና ጣቢያው ሙቅ ውሃ

የአስረስ ነገር የተበላሸው በ1974 ዓ.ም.፣ በየካቲት ወር፣ አንድ ሐሙስ ቀን ነው።

አስረስ ቼኮዝሎቫኪያ የተማረ መሐንዲስ ነበር። የፕራግ ጉድፍ ተቃጥሎ ቤት ሲያሞቅ በዓይኑ አይቷል፤ ስዊድኖችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ ያውቃል። አዲስ አበባ የሚገባው ወንበር ለካድሬ ዘመድ ተሰጠና እሱ ወደ ተወለደባት ሐይቅ ከተማ ተወረወረ። እዚያ ከጤና ጣቢያው ጀርባ የቆሻሻ ምድጃ ሠራ፤ የወላዶችን ክፍል ውሃ እንዲያሞቅ። የደሴ ሹማምንት መጥተው ከወደዱት ደሴ ላይ ትልቁን ይሠራል። ካልወደዱት እዚሁ ጉድፍ ሲያገላብጥ ያረጃል።

ጉድፉን ሲያይ ያቅለሸልሸዋል። የዶሮ አንጀት፣ የሻገተ ሽንኩርት፣ ከሁሉም በላይ አመድ። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት የሚደፉት አመድ ነው።

«ቆሻሻቸው እንኳ ድሃ ነው» ይል ነበር።

ያም ሆኖ ምድጃው በየማለዳው ሲንበለበል ያገኘዋል። ጭሱ የእናቱን ጓዳ ጓዳ ይሸታል፤ ይኸም ያስጠላዋል።

ዘበኛው አያ አሊ የአባቱ ባልንጀራ ነበሩ። አንድ ቀን ለምሳቸው ጥሬ ሽምብራ ሲቆረጥሙ አገኛቸው።

«እትዬ ዙሌይካ ማብሰል ተዉ እንዴ?»

«አብሽር ልጄ፣ ሰሞኑን እንዲሁ ነን። እሳትህስ እንዴት ነው?»

«ምን ይሆናል? ሳይንስ ነው።»

«ማሻአላህ» አሉ አያ አሊ።

በሹማምንቱ መምጫ ዋዜማ አስረስ ማልዶ ሲደርስ፣ አያ አሊ ጆንያ በብብታቸው ሸጉጠው ከምድጃው ቤት ወጡ።

«ምን ሰርቀህ ነው?» አንቱታውን ተወው።

አያ አሊ መሬት መሬት አዩ። «ምንም፣ ልጄ።»

የሚነድ የሚነደውን እየለቀመ ይሸጣል ሲል ለቀበሌው አመለከተ። አሻጥረኛ ተብለው በዚያው ቀን ታሰሩ።

ሐሙስ ሹማምንቱ መጡ። ቧንቧው ተከፈተ። ውሃው በረዶ ነበር። ምድጃው ሲከፈት አመድ ላይ የተጋደመ የዶሮ አንጀት ገማ።

«ይሄን ነው ውጭ አገር ያስተማሩህ?» አለ አንደኛው፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ። መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

አስረስ የአያ አሊ ዘመዶች እንደተበቀሉት አልተጠራጠረም። በአጥሩ ጥግ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረ። የአያ አሊ ሚስት ዙሌይካም እዚያው ነበሩ።

«እሳቴን ማን አጠፋው? ዛሬስ አንድ ሰው ይመልስልኝ።»

«አያ አሊን አሳስረህ» አሉ ዙሌይካ፣ «የቤታችንን ኩበት ማን ሊጨምርልህ ኖሯል?»