የጠምዛዡ ሦስተኛ ሽንፈት

ጠምዛዡ አንድ ቃል ሳይጠመዝዝ ቁርስ በልቶ አያውቅም። ሚስቱ "ሻይ ልቅዳልህ?" ስትለው "ቅጂውን ለሰው ስጪ፤ ለእኔ ኦሪጅናሉን" ይላትና ብቻውን ይስቃል። እሷ ሻዩን ቀድታ ወደ ጉዳይዋ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን አብራው ትስቅ ነበር፤ ትዳር ግን ረጅም ነው።

የሚያበላው ይኸው ምላሱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በሬዲዮ ከአድማጮች ጋር በቃላት ይጋጠማል። የሳምንቱ ቃል ሰኞ ይነገራል። ቅዳሜ አድማጭ ደውሎ በቃሉ ይቀልዳል፤ ጠምዛዡም በዚያው ቃል ይመልስለታል። የተነገረ ቀልድ መድገም ክልክል ነው። ሁልጊዜም አድማጭ ይቀድማል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ጠምዛዡ ነው። "ሦስት ሳምንት በተከታታይ ያሸነፈኝ ጣቢያውን የፈለገውን ይጠይቅ" ብሎ የጨመረበትም ራሱ ነው፤ ማንም እንደማያሸንፈው ያውቅ ነበራ።

ከዚያ ሹክሹክ መጣ።

ስሙን ያወጡለት አድማጮች ናቸው። ማንነቱን አይናገርም፤ የሚያወራውም በሹክሹክታ ነው። የዚያ ሳምንት ቃል "ዋና" ነበር።

"ምክትል ኃላፊው ከመዋኛው ዳር ቆሞ፣ ለምን አትገባም ቢሉት፣ እኔ ምክትል ነኝ፤ ዋና አልችልም አለ" ብሎ ሹክ አለ።

ጠምዛዡ ክው አለ። ቀልዱ የራሱ ነበር፤ በስቱዲዮም በቤትም ሳምንቱን ሙሉ ሲያሸው የሰነበተው። ሌላ ስላላዘጋጀ ተሸነፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜም በሌላ ቃል ይኸው ደረሰበት።

የጣቢያው ኃላፊ ቢሮው ጠራው። "ወንድሜ፣ ሦስተኛ ከተደገመ ሰዓቱን ለስፖርት እሰጠዋለሁ። አንተም ከሰኞ ጀምሮ ቤትህ አርፈህ ትቀመጣለህ" አለው።

ጠምዛዡ ሌባውን ለማወቅ ብዙ አልለፋም። የስፖርቱ ጋዜጠኛ የድምፅ ባለሙያዋ ወንድም ነው። የአድማጩን ስልክ የምታስገባው ደግሞ እሷ ናት። በዚያ ላይ እሱ ሲቀልድ በመስታወቱ ወዲያ ሆና ስታዛጋ ስንቴ አይቷታል። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ለምን ያዛጋል?

"ወንድምሽ እንዴት ነው?" አላት ኮሪደር ላይ አግኝቷት።

"ደህና ነው።"

"ቀልድ ይወዳል?"

"ያንተን ነው ወይስ ቀልድ?" አለችውና አልፋው ሄደች።

ይህ ለእሱ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስቱዲዮ ውስጥ ትንፍሽ አላለም፤ ወረቀት ላይም ምንም አልጻፈም። ልምምዱን ሁሉ ጠቅልሎ ቤት ወሰደው፤ አማቱ ዘንድ።

አማቱ ታመው ልጃቸው ቤት የገቡት አምና ነው። በገቡ በሳምንቱ ድምፃቸው ጠፋ። ሐኪሙ ጉሮሯቸውን በባትሪ አይቶ "ምንም የለም" አለ። ጠምዛዡ "ምንም ካልታየው ባትሪ ይቀይር" ብሎ ሲቀልድ አማቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከአልጋቸው ብዙም አይወርዱም፤ ውኃ ሲያምራቸው ለልጃቸው ሚስኮል ያደርጋሉ።

"አባባ፣ እርስዎን የምወድዎ ለዚህ ነው። ምስጢር አያወጡም" ይላቸዋል ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። ከዚያ ይጀምራል። እሳቸው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። እሱም ፊታቸው እንዳያመልጠው ወንበሩን ይዞ በመስኮቱ በኩል ይመጣል።

አርብ ከሰዓት ሌላ ጥርጣሬ ገባው። ባለሙያዋ ቤቱ ውስጥ ማዳመጫ ብታስቀብርስ? አምፖሉን ፈታ፣ መጋረጃውን አወረደ፤ በመጨረሻም ፍራሹን ከነአማቱ ብድግ አደረገው። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቶ ፍራሹን መለሰው።

"አያልቅሱ፣ አባባ። ሥራዬን አላስነጥቅም" አላቸው። እሱንም እንባ እንባ አለው። እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነበር። ያለዚያ ሰዓት እሱ ማን ነው? ማንም የማይሰማው ለፍላፊ።

ቅዳሜ ሚስቱን ይዞ ሄደ። ፕሮግራሙን አንድ ቀን እንኳ ሰምታው አታውቅም፤ ጎረቤቶች ሲጠይቋት "ለእኔ ቤት ድረስ በቀጥታ ይተላለፍልኛል" ትላቸዋለች።

"ዛሬ ከባለሙያዋ ጎን ተቀምጠሽ እጇን ብቻ ጠብቂልኝ" አላት።

"አባባን ብቻቸውን ትተን?"

"አባባ ምን ይሆናሉ? ሬዲዮኑን ራስጌያቸው ከፍቼላቸው ነው የወጣሁት።"

የሳምንቱ ቃል "ሳል" ነበር። ስልኩ ጠራ።

"ሠዓሊው ሐኪም ቤት ሄዶ፣ ሳል አስቸገረኝ ቢል፣ ታዲያ ሳላ፣ ማን ከለከለህ አሉት" አለ ሹክሹክ።

ጠምዛዡ በመስታወቱ አሻግሮ ተመለከተ። ባለሙያዋ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታዛጋለች። ሚስቱ ምንም አላየሁም ስትል ራሷን ነቀነቀች። ቀልዱ አሁንም የራሱ ነበር፤ ሌላ አልያዘም።

ኃላፊው ስቱዲዮ ገብቶ ማይኩን ወደ ራሱ ሳበ። "ውድ አድማጫችን፣ እንኳን ደስ አለዎት። በአየር ላይ የገባነው ቃል ነው፤ የጠየቁትን እንፈጽማለን። ምን ይፈልጋሉ?"

ጠምዛዡ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሰውየው የሚጠይቀው አልጠፋውም፤ ሌላ ምን ይሆናል፣ የእሱን ወንበር ነው።

ከስልኩ ወዲያ ጉሮሮ ተጠረገ። ሹክሹክታው ቀረና ወፍራም፣ ጎርናና ድምፅ ወጣ። "ሥራውን አትንኩበት። ይልቅ ሰዓት ጨምሩለትና በየቀኑ እስኪመሽ ድረስ እዚያው አቆዩልኝ።"

ከመስታወቱ ወዲያ የጠምዛዡ ሚስት ከመቀመጫዋ ተነሳች። "አባባ?"