ጥራቱን ዝቅ አድርግ

የሟች እናታችንን ቪዲዮ ለነገ መታሰቢያዋ ላደርስ ብቀመጥም፣ ማቀናበሪያው ፊቷ ላይ በደረሰ ቁጥር «ሜሞሪ አልበቃም» እያለ ይዘጋል። ምክር ለማያልቅበት ኮምፒውተር ጠጋኝ ጓደኛዬ ደወልኩለት።

«ጌታው፣ ላፕቶፕህን እንደ አህያ ጭነኸዋል። የምታይበትን ጥራት ዝቅ አድርግ፤ ዋናው ቪዲዮ አይነካም።»

ዝቅ አደረግሁት። የእማዬ ፊት ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ሆነ፤ ፕሮግራሙ ግን አደብ ገዛ።

እህቴ ሻይ ይዛ ገባች።

«አለቀልህ እንዴ? እስቲ እማዬን አሳየኝ።»

ቀና ብዬ እህቴን አየኋት። ድምፅዋ የራሷ ነው። ፊቷ ግን ጥቂት ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ብቻ ነው፤ ዓይን የለውም።

መደንገጥ ሲገባኝ ምንም አልተሰማኝም። ጥራቱን ወደነበረበት መለስኩት። የእህቴ ዓይኖች ወዲያው ተመለሱ።

«ምን ታፈጥብኛለህ፣ አንተ...»

ፕሮግራሙ ተዘጋ። እህቴም አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። ከሻዩ ግን አሁንም እንፋሎት ይወጣል።