በስልክ የተመረጠ ቤዝ ጊታር

ማኅሌት ሶኬቱን ነቀለችና ገልብጣ ሰካችው። አምፕሊፋየሩ ምንም አልተሻለውም፤ እዝዝዝ ማለቱን ቀጠለ።

«ኧረ በእመብርሃን!» አለ አዘዘ ከኪቦርዱ ጀርባ። በዚህ የሐይቅ ዳር ሠርግ ባንዱን የሚመራው እሱ ነው። «ሙሽሮቹ ለፎቶ በጀልባ ወጥተዋል፤ ቢቆዩ ግማሽ ሰዓት ነው። ይሄ ጩኸት ካልጠፋ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ቤዙን እኔው በግራ እጄ እሠራዋለሁ።»

ቀልዱን አይደለም። አምና የነበረውን ቤዚስት እንዲህ ብሎ ነው ያሰናበተው፤ ይህ ኪቦርድ የሚሉት ነገር ስንቱን ከእንጀራው አፈናቀለ! ማኅሌት ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ጊታር ስትለማመድ ከርማ፣ ዛሬ ገና በራሷ ጊታር ልትጫወት ነው። ዛሬ ካላለፈች ባንዱ ውስጥ ቦታ የላትም። ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ሐይቁን አየች። ጀልባዋ ሩቅ ናት፤ ግን ትመጣለች።

የጊታሩን ገመድ ከአምፑ ነቅላ ጣለችው። ወይ ፍንክች፣ ጩኸቱ እዚያው ነው። «ከጊታሩ አይደለም!» ብላ ጮኸች፣ እፎይታም ንዴትም ይዟት። አምፑን ልታዞረው ብረቱን ስትይዘው ጣቶቿን ነዘራት።

«ውይ!»

«ነዘረሽ?» አለች በአዳራሹ ጥግ ቡና ማሽኑ ላይ የምትሠራው ሀኒ። «ይሄ ማሽንም እንዲሁ ያደርገኝ ነበር። ስጨቀጭቃቸው ከርሜ ኤሌክትሪሺያን አመጡና ግራውንድ የሚሉትን የመሬት ሽቦ ቀበሩለት። ያንቺ ኤክስቴንሽን ባለ ሁለት ሽቦ ነው፤ ምን ግራውንድ አለው? ነይ፣ የኔ ሶኬት ላይ ሰኪው።»

አምፑን ለሁለት ተሸክመው ከማሽኑ አጠገብ አስቀመጡት። ሰካችው። ጸጥ አለ። ሀኒ እልል አለች፤ ማኅሌት በደስታ ገመዱን መልሳ ሰክታ ጊታሩን አነሣችና አራቱንም ክሮች መታች። ድርርርር አሉ።

አዘዘ እጁን ከኪቦርዱ አነሣ። «ይሄስ?»

«የቱ?»

«የቱ ትለኛለች! ይሄ የሚንጫረረው ነዋ!»

«ይሄማ ድምፁ ነው።»

መጥቶ ጊታሩን ከእጇ ወሰደና አንገቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። «ክሮቹ ከመጠን በላይ ወርደው የአንገቱን ብረቶች እየመቱ ነው። አንቺ ልጅ፣ ሱቅ ውስጥ ይሄን አልሰማሽም?»

«ሰማሁ እንጂ። ለዚሁ ብዬ ነው የመረጥሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቁ ውስጥ በእሷ አቅም የሚገዙ ሁለት ቤዞች ነበሩ፤ አንዱ አዲስ ጥቁር፣ አንዱ ቀለሙ የተፋፋቀ ቀይ። መወሰን ቢያቅታት ደቅ ደሴት ለሚኖሩት አባቷ ደወለች። መምህር ወልደ ሐዋርያት የበገና አስተማሪ ናቸው፤ ማኅሌትም በገና ስትደረድር ነው ያደገችው። በገና ላይ ደግሞ ከየክሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ የሚገባው ሆን ተብሎ ነው፤ ድምፁ እንዲነዝር። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ሁለቱንም ጊታሮች በየተራ መታችላቸው። ባለሱቁ አፉን ይዞ ይስቃል። «የፊተኛው ድዳ ነው፤ የኋለኛው ይናገራል» አሉ መምህር። «እሱን ውሰጂ ልጄ።» እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ጊታር ሲነሣ ወሬ የሚቀይሩ ሰው፣ ልጄ ብለው መረጡላት። ቀዩን ገዝታ ስትወጣ መንገድ ላይ አልቅሳለች።

ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ነገረችው። አዘዘ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በበገና ጆሮ ቤዝ ይገዛል? በስልክ!» ከዚያ ሳቁ ድርግም አለና ከኪሱ የጊታር ብሎን የሚያዞር ትንሽ ቁልፍ አውጥቶ ሰጣት። «በይ አሁን ክሮቹን ከፍ ከፍ አድርጊያቸው።»

ፊቷ ጋለ። የመጀመሪያውን ክር ከፍ አደረገች፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። መታቻቸው፤ ጥርት፣ ድቡልቡል ያለ ድምፅ ሰጡ። አዘዘ ልክ ነበር፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ከሐይቁ በኩል እልልታና ጭብጨባ መጣ። ቁልፉን የአራተኛዋ፣ የወፍራሟ ክር ብሎን ላይ አስገባችና እጇ እምቢ አላት።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ይቺን አልነካም።»

«ማኅሌት!»

«ሦስቱን እንዳልኸው አድርጌያለሁ። ይቺን ግን ከፍ አላደርጋትም። ካልፈለግህ ጊታሬን ይዤ እወጣለሁ።» ምን ነክቶኝ ነው ብላ ራሷ ደነገጠች፤ ግን ከአፏ ወጥቷል።

አዘዘ አፉን ሲከፍት ሙሽሮቹ በሩ ላይ ደረሱ። ጥርሱን ነክሶ አንድ ሁለት ብሎ ቆጠረና ባንዱ ጀመረ። ሰዉ ወዲያው ትከሻውን መስበቅ ያዘ። ማኅሌት በሦስቱ ክሮች ትሄዳለች፤ ወደ አራተኛዋ ስትጠጋ ፈርታ ትሸሻለች። ዘፈኑ ግን ሲመለስ ዝቅ ማለት ይፈልጋል፤ ያ ድምፅ ደግሞ ያለው እዚያችው ክር ላይ ብቻ ነው። አንዴ ዘለለችው፤ ቦታው ባዶ ቀረ። አዘዘ ዞሮ አያት።

ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና በአውራ ጣቷ መታችው። ድርርርር አለና ወለሉን ይዞ ሄደ። ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ከጨፋሪው መሃል ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ ግራና ቀኝ ይፈልጉ ጀመር። ከቡና ማሽኑ ባንኮኒ ጀርባ ሲያገኟት በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጭፈራው ተመለሱ።

«ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ልምምድ አለን!» ብሎ ጮኸ አዘዘ፣ ፊቱን ሳይፈታ። «እንዳታረፍጂ!»

«እሺ!» አለችው። ዘፈኑ ተመልሶ መጣ፤ አራተኛዋን ክር ደገመቻት፣ አሁን ዓይኗን ሳትጨፍን።