ቼሎው ውስጥ ያለው ሰውዬ

ቆይ፣ ጥጡን ጠቅጥቆ ይጨርስ። ቀኝ ጆሮው ውስጥ ገብቷል፣ ግራው ቀርቷል። ቀጭኑ ሙዚቀኛ ቼሎውን፣ ያን ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ፣ በጉልበቶቹ መሃል አቅፎ፣ ጥጡን በጣቱ እየገፋ፣ በሩ ላይ የቆመችውን እህቱን ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

«ደህና ነህ ግን?» አለች እህቱ። እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ ነው።

«ዝም በይ፣ ልሞክረው።»

ዓይኑን ጨፍኖ ደጋኑን ክሮቹ ላይ ሳበ። ቼሎው ራቀ፤ ጎረቤት ቤት የሚጫወት መሰለ። በተጫወተ ቁጥር የሚሰማው እንጉርጉሮ ግን አልራቀም። እንዲያውም ቀረበ፤ ጭንቅላቱ መሃል ገብቶ ቁጭ አለ። ቀጭኑ ደጋኑን ሲያቆም እሱም ጸጥ።

ጥጡን አውጥቶ ወረወረው።

«ሰማሽው?»

«ምኑን?»

«እንጉርጉሮውን።»

«ሁልጊዜ እሰማው የለ እንዴ? ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?» ብላ ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች።

ቀጭኑ ደጋኑን አስቀመጠ። እስከዛሬ ለብቻው የሚሰማው መስሎት ነበር።

ድምፁን ያውቀዋል። የመምህሩ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሽማግሌው ከወንበሩ ኋላ ቆሞ፣ ዜማው የት ላይ እንደሚተነፍስ እያንጎራጎረ አስተምሮታል። «ዓይንህን ጨፍን፣ ጣትህን አትይ፣ እኔን ተከተል።» ሌላ ትምህርት አልነበረውም። ከአራት ወር በፊት ሞተ። ቼሎውን ለቀጭኑ ተናዞለት ነበርና ቼሎው መጣ። እንጉርጉሮውም አብሮ መጣ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቀ። ግን ቅዳሜ የኦርኬስትራው ፈተና ነው። ወንበሩ አንድ፣ ተፈታኙ አሥራ ስምንት። ከሠላሳ ዓመት በላይ አይመዘግቡም፤ እሱ ደግሞ ሠላሳውን ሊደፍን ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ቅዳሜ ከወደቀ አለቀ፣ ሌላ ቅዳሜ የለም።

ፈተናው በመጋረጃ ነው። ዳኞቹ ማን እንደሚጫወት ማወቅ የለባቸውም። ተፈታኝ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ኮቴው ወንድ ይሁን ሴት እንዳያሳብቅ ከበሩ እስከ ወንበሩ ምንጣፍ ይነጠፋል። ድምፁን ያሰማ፣ «እሺ» ብሎም ቢሆን፣ ይሰረዛል። የሞተ ሰው ነው ያንጎራጎረው ብትል ማን ይሰማሃል?

እስከዚያው እንጀራው ከአንድ ሆቴል ነው። በምሳ ሰዓት ከአንድ ፒያኖና ከአንድ ከበሮ ጋር ጃዝ ይጫወታል፤ ቼሎውን እንደ ቤዝ ጊታር በጣቱ እየነካ። የሚገርመው፣ እዚያ ሽማግሌው መጥቶበት አያውቅም። ከበሮ ስለሚጠላ ነው ብሎ ደመደመ።

ማታ ቤት ሲለማመድ እንጉርጉሮውን ስልኩ ላይ ቀዳው። መልሶ ሲያዳምጥ፣ ከቼሎው በታች ወፍራም፣ የደከመ፣ የባዕድ ሰው ድምፅ አለ። ስልኩን ፍራሹ ሥር ከተተው።

በማግስቱ የመምህሩ ሚስት ዘንድ ሄደ። አሮጊቷ ገና ሰላምታውን ሲጀምር አየት አደረጉት።

«ጉሮሮህ ተዘግቷል ልጄ። ብርድ መታህ?»

«ልምምድ የማደርግበት ክፍል ይቀዘቅዛል፣ እትዬ።» ቁጭ አለ። «ጋሼ ለምንድነው ኦርኬስትራ ሳይገቡ የቀሩት?»

«ሁለት ጊዜ ተፈተነ፣ ሁለቴም ጣሉት። ለምን እንደሆነ የነገረው የለም።» ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «እሱ ግን ያንን ዕቃ ነበር የሚጠረጥረው። ‹እንጨቱ ውስጥ የራሴ መምህር ተቀምጧል› ይል ነበር። እኔማ የሚቀልድ ይመስለኝ ነበር።»

ቀጭኑ አልሳቀም።

«እርስዎስ እንጉርጉሮውን ሰምተውት ያውቃሉ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ። እሱ ከሄደ ወዲህ ነው ይህ ቤት ዝም ያለው።»

ተነሥቶ ሲወጣ የበሩን እጀታ ሁለቴ ሳተው።

ቤት ደርሶ ቼሎውን ሣጥኑ ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። ቁልፉን ለእህቱ ሰጣት፤ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ አላት። እሷም «አንተ ራስህ መቆለፍ ያለብህ ሰውዬ ነህ» ብላ ኪሷ ከተተችው። ከሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የተማሪ መለማመጃ ቼሎ ተዋሰ። ሆዱ የተጫጫረ፣ ማንም ያልሞተበት ቼሎ።

እስከ ቅዳሜ አንድም ጊዜ ደጋን አልነካም። እንዳይቀሰቅሰው ፈርቶ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቁጥር ሰባት ደረሰው። አንዲት ለስላሳ ጫማ ያደረገች ሴት እየመራች በምንጣፉ ላይ አስገባችው። ከእሱ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ የምትቀመጠው እሷ ብቻ ናት፤ ተፈታኝ ጥያቄ ካለው በጆሮዋ ያንሾካሹክላታል፣ እሷ ለዳኞቹ ታደርሳለች። ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሳየችው። ራሱን ነቀነቀ።

ደወሉ ተመታ። ቀጭኑ ዓይኑን ጨፈነ።

የመጀመሪያው ገጽ ጸጥ ብሎ አለፈ። ከቼሎው በቀር አዳራሹ ውስጥ ማንም የለም። ትከሻው ላላ፣ ክንዱ ረዘመ፣ ዜማው እንደ ዘይት ፈሰሰ። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ሽማግሌው መጣ።

በሰው ቼሎ ላይ መጣ። እንጨቱ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ከኋላው ቆሟል፣ ድሮ የሚቆምበት ቦታ። ቀጭኑ ሊያቆም አሰበ፤ ካቆመም ያው ነው፣ ወድቋል። እሺ ጋሼ፣ ይሁን አለ በልቡ፣ ተከተለው። እንደዚያ ቀን አድርጎ ተጫውቶ አያውቅም።

ደወሉ ተመታ። ዜማው ገና ሩቡ ይቀረዋል።

«ቁጥር ሰባት ተሰርዟል» አለ አንድ ድምፅ ከመጋረጃው ማዶ።

ዓይኑን ሲገልጥ ሴትዮዋ ወንበሯ ላይ አልነበረችም። አፍንጫው ሥር ቆማለች። ክንዱን ይዛ ኮሪደሩ ድረስ አወጣችው፣ በሩን ዘጋች፣ ከዚያ ነው የተናገረችው።

«እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሦስቴ ለመንኩህ እኮ ወንድሜ፤ አንተ ግን ዓይንህን ጨፍነህ ታንጎራጉራለህ።»