ቀበቶ የሚያርፍበት ቦታ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እትዬ ሜትር» ነው የሚላት። መለኪያው አንገቷ ላይ ይንጠልጠል እንጂ ሥራውን የሚሠራው ዓይኗ ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ የታናሽ እህቷን ቀሚስ በጎን ስታሰፋ ሳትለካ ነበር መቀሱን ያነሳችው። «አማትነት ተስማማሽ መሰለኝ፣ ወፈርሽ!» ብላ ሳቀችባት። እህቷ በአፍላነቷ ወልዳ፣ ገና ሽበት ሳይነካት አማት የሆነች ሴት ናት።

እትዬ ሜትር ራሷ አልወለደችም። የእህቷ ልጅ ካደገ ወዲህ በዚያ ቤት ሕፃን አላለቀሰም፤ ይህም ያንገበግባታል። ልጁ ሚስት ካገባ ጀምሮ ግን ትንንሽ ኮፍያ እየሰፋች መሳቢያዋን ሞልታዋለች።

አንድ ቅዳሜ ጧት «አባወራው ዘንድ እንሄዳለን» ተባለ። የእህቷ ባል የሚሠራው ሌላ ከተማ ነው፤ በልጁ ሠርግ እንደ ጎረምሳ ሲጨፍር አድሮ ከተመለሰ ወዲህ ብቅ አላለም።

«ደውላችሁ አትነግሩትም?» አለች እትዬ ሜትር።

«በስልክ የሚነገር አይደለም» አለች እህቷ መሬት መሬት እያየች።

የእትዬ ሜትር ልብ ቅቤ ጠጣ። ሙሽራዋ አርግዛለች!

ሙሽራዋ መኪና መንዳት የምታስተምር ናት። ባሏ መሪውን ይዞ ሲጠብቃት እሷ የኋላውን በር ከፍታ የአማቷን ቀበቶ ታስተካክላለች።

«ታችኛው ዝቅ ብሎ የዳሌ አጥንት ላይ ነው የሚያርፈው፣ እማማ። ላይኛው በትከሻ ወርዶ በደረት መሃል ያልፋል። እንዳይጠማዘዝ።» ቀጥላ ወደ እትዬ ሜትር ዞረች። «ካፖርትዎን ያውልቁ እትዬ፤ በወፍራም ልብስ ላይ ቀበቶ አይጠብቅም።»

«በብብቴ ሥር ባሳልፈውስ? ኮሌታዬን ሊጨፈልቅብኝ ነው።»

«ኮሌታ ይተኮሳል፤ የተሰበረ ጎድን ግን አይተኮስም።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ፣ አክስቴ» አለ ልጁ ከፊት።

«እሺ፣ ሆዴ ላይ ባደርገውስ ምናለበት?»

«ሆድ ለስላሳ ነው፣ እትዬ። ምት የሚችለው አጥንት ነው።»

እትዬ ሜትር በውስጧ ፈነደቀች። እንዲህ ለሆድ የሚጨነቅ ሰው ያለ ምክንያት አይጨነቅም። ደግሞ የሙሽራዋ ቀሚስ ልቅ ነው።

መንገድ ጀመሩ። ልጁ እንቁላል የጫነ ይመስል ይነዳል፤ ሙሽራዋ ጉብታ ባየች ቁጥር «ቀስ!» ትላለች። እኩሌታውን እንደሄዱ «አቁም፣ አየር እንውሰድ» አለች። ወረዱ። ሙሽራዋ ከቦርሳዋ ሎሚ አውጥታ ቆርጣ አደለች። እህቷ የራሷን እስከ ልጣጩ መጠጠችው። እትዬ ሜትር ግን ዓይኗን ከሙሽራዋ ወገብ አልነቀለችም።

ተመልሰው መኪናው ውስጥ ሲገቡ መቻል አቃታት።

«እኔ'ኮ አውቄያለሁ!»

የልጁ ጆሮ ቀላ።

«ምኑን ነው ያወቅሽው፣ አክስቴ?»

«ወገብ ከኔ ይሰወራል? ኮፍያውንም ሰፍቼ ጨርሻለሁ!»

«ተይ በናትሽ፣ ልጆቹ ፊት…» እህቷ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«ምን ያሳፍራል? በወግ በማዕረግ፣ በጋብቻ የመጣ ነው!»

ሙሽራዋ በሳቅ ፈረሰች። ልጁም ተከተላት፤ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ይነዳል። እህቷ እንኳ ከመዳፏ ሥር ትንፈቀፈቃለች። እትዬ ሜትር ደስታው የሁሉም ስለመሰላት አብራ ተንከተከተች። የፊተኛውን ወንበር እየደበደበች፣ ሕፃኑን በሳምንት ሦስት ቀን እሷ እንደምትይዝ፣ ስሙንም እሷ እንደምታወጣ አስታወቀች። ማንም አልተቃወመም።

ድንገት ፍየል ዘላ መንገዱ መሃል ቆመች።

ፍሬኑ ጮኸ። የአራቱም ቀበቶ ከረር ብሎ ከወንበራቸው ጋር አጣበቃቸው። ፍየሏ ገልመጥ አድርጋቸው ሄደች። ከማንም ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። እትዬ ሜትር ግን የሚወደድ ሁሉ ከእጇ ያመለጠ መሰላት።

«ሚስትህን!» ብላ ጮኸች። «ሚስትህን እያት እንጂ!»

ባልና ሚስቱ እኩል ወደ ኋላ ዞሩ።

«እማዬ!» አለ ልጁ። «አንቺም ሕፃኑም ደህና ናችሁ?»